ያያችሁትን ተናገሩ
ኦቲዝምን በልጆቻችን ላይ ስለማወቅና ስለማስመርመር የተዘጋጀ የሬዲዮ ትምህርት

(የመክፈቻ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በሚዛንና በአማን፣ በቴፒ፣ በበበቃ፣ በሸኮ፣ በማሻና በቦንጋ ያላችሁ፣ በቡና ማሳ መሀል ሬዲዮናችሁን ከቅርንጫፍ ላይ ሰቅላችሁ የምታዳምጡን፣ እንዲሁም በጓዳችሁ ሥራ እየሠራችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅታችን ለወላጆች፣ ለአያቶች፣ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው። በየቀበሌው ስላሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ ከበር ስለማይወጡ ልጆች እንነጋገራለን። ወረቀትና እስክሪብቶ በአቅራቢያችሁ ካለ ያዙ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እስቲ በሐሳብ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ የማንኛችንም ሊሆን ይችላል።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ለቀማው ደርቷል። ግቢው ውስጥ ጀንፈል ተሰጥቷል። የሦስት ዓመት ልጅ ከስጡ ጥግ ቁጢጥ ብሎ የቡና ፍሬ አንድ በአንድ እያነሣ በመስመር ይደረድራል። መስመሩ በገመድ የተለካ ይመስላል። እናቱ ከጓዳ ሆና በስሙ ትጠራዋለች። አይዞርም። ቀረብ ብላ ትጠራዋለች። አሁንም አይዞርም። ታዲያ «ጆሮው አይሰማ ይሆን?» እንዳንል፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ከማዶ ሲነሣ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ይጮኻል። ታላቅ እህቱ ከረድፉ አንዲት ፍሬ ብታነሣበት ደግሞ ግቢው በለቅሶ ይናወጣል። ውኃ ሲጠማው «ውኃ» አይልም፤ በጣቱም አያሳይም፤ የእናቱን እጅ አንጓ ይዞ ወደ እንስራው ይጎትታታል፤ ዓይኗን ግን አያያትም።

አያቱ «አባቱም እስከ አራት ዓመቱ አፉን አልፈታም ነበር፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትላለች። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ሌላዋ ደግሞ እናቲቱ በሌለችበት «አቀማጥላ አበላሸችው» ትላለች። እናቲቱ ለሁሉም ዝም ትላለች። ልቧ ግን አንድ ነገር እንዳለ ከነገራት ቆይቷል።

ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ትምህርታችን የሚያጠነጥነው በዚህች እናት ልብ ውስጥ በተቀመጠው ነገር ላይ ነው። ኦቲዝምን የመለየት ሥራ የሚጀምረው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። የሚጀምረው ልጁን ጠዋትና ማታ በሚያየው ሰው ዓይን ነው። ያ ሰው ያየውን ሲናገር ምርመራው ተጀመረ ማለት ነው። ያየውን ሲደብቅ ደግሞ ልጁ ሊመለስ የማይችል ጊዜ ያጣል።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ከልጁ ጋር አብሮ ይወለዳል፤ ምልክቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ እየጎላ ይመጣል። አንጎሉ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ የሰውን ፊትና ቃልን የሚቀበልበትና የሚያገናኝበት መንገድ ከሌሎች ልጆች ይለያል። ተላላፊ አይደለም። የአእምሮ መቃወስ ወይም እብደትም አይደለም። ባለሙያዎች «የኦቲዝም ስፔክትረም» የሚሉት መልኩና ክብደቱ ከልጅ ልጅ እጅግ ስለሚለያይ ነው። አንዱ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ቃል ላይናገር ይችላል፤ ሌላው አቀላጥፎ ያወራል፣ ነገር ግን ጨዋታ መቀበልና ጓደኛ መያዝ ይቸግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምበት በቆየው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ከ100 ልጆች መካከል አንዱ ያህል ኦቲዝም አለበት። በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሴቶች ልጆች ግን ምልክታቸው ዝም በማለትና በዓይን አፋርነት ስለሚሸፈን ሳይታወቅላቸው ይቀራል። «ጨዋ ናት፣ አትናገርም» የምንላትን ልጅ ደግመን እንያት።

ይህ ነገር ስም ያገኘው እንዴት እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ለእኛ ለገበሬዎች ልጆች ቅርብ ነው። በአሜሪካ ሚሲሲፒ በምትባል ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ዶናልድ ትሪፕሌት የሚባል ልጅ ነበር። ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ አያይም፤ ክብ ነገር ሁሉ ሲያሽከረክር ይውላል፤ ቁጥር ይወዳል። ሐኪሞች ከቤት ይራቅ ብለው ስለመከሩ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹ ወደ ማቆያ ተቋም አስገቡት። በኋላ ግን አልሆነላቸውም፤ ወደ ቤታቸው መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1938 አባቱ በልጃቸው ላይ ያዩትን ሁሉ፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚደጋግም ጽፈው ባልቲሞር ከተማ ለነበሩት ለዶክተር ሊዮ ካነር ላኩ። ደብዳቤው 33 ገጽ ነበር። ዶክተር ካነር ዶናልድንና እርሱን የሚመስሉ ሌሎች አሥር ልጆችን ተከታትለው በ1943 ጽሑፋቸውን አሳተሙ። በዚያ ጽሑፍ የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ነው። ልብ በሉ፤ ዓለም ዛሬ ስለ ኦቲዝም የሚያውቀው ነገር በአንድ አባት ደብዳቤ ላይ ቆሞ ነው ጉዞ የጀመረው።

ዶናልድ በልጅነቱ ከአንድ ገበሬና ከባለቤታቸው ጋር በእርሻ ቦታ ተቀመጠ። ባልና ሚስቱ አትቁጠር ብለው አልከለከሉትም። የበቆሎውን ረድፍ እንዲቆጥር ሰጡት፤ ሲያርስም እየቆጠረ እንዲያርስ አደረጉት። መቁጠር የሚወድ ልጅ በመቁጠር ሥራ ለመደ። አድጎ ኮሌጅ ጨረሰ፣ በትውልድ ከተማው ባንክ ውስጥ ሠራ፣ መኪና ነዳ፣ አገር ለአገር ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ያ የበቆሎ ረድፍ በግቢያችን ከተደረደረው የቡና ፍሬ ረድፍ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ዙሪያው ያሉት ሰዎች በረድፉ ላይ ያዩት ነገር ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወረቀታችሁን አውጡ። ልጃችን ላይ ምን እንይ?

አንድ ዓመት ሳይሞላው፦ ስትስቁለት ይስቃል? በዘጠኝ ወሩ አካባቢ ስሙን ስትጠሩት ይዞራል? ፊታችሁን ያያል?

በአንድ ዓመቱ፦ «ባ ባ»፣ «ማ ማ» እያለ ይንተባተባል? እጁን አውለብልቦ ይሰናበታል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያችኋል?

በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ፦ ነጠላ ቃል ይናገራል? ወፍ ሲያልፍ «እዩልኝ» በሚል ዓይን እናንተንም ወፉንም ያያል? በቡና ሲኒ እንደሚጠጣ፣ በእንጨት ስልክ እንደሚደውል አድርጎ ይጫወታል?

በሁለት ዓመቱ፦ «ውኃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ራሱ ያገጣጥማል? ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ ቀርቦ ያያቸዋል?

ከዚህ ሌላ የምታዩት፦ አንድን እንቅስቃሴ መደጋገም፣ እጅን ማርገብገብ፣ መሽከርከር፣ በጣት ጫፍ መሄድ፤ ዕቃን መደርደርና ረድፉ ሲነካ መረበሽ፤ የለመደው መንገድ ሲቀየር መጮኽ፤ የሰማውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ መላልሶ መናገር፤ ድምፅን፣ የልብስን ንክኪ ወይም የአንዳንድ ምግብን ሽታ ፈጽሞ አለመቻል፤ ወይም በተቃራኒው ሕመም የማይሰማው መምሰል።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ አስምሩበት። በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ይናገረው የነበረውን ቃል ካቆመ፣ ያሳይ የነበረውን ፈገግታ ወይም ሰላምታ ከተወ፣ ሌላ ቀን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱን ቢያሳይ ኦቲዝም አለበት ማለት ነው? አይደለም። የቡና ገበሬ አንዲት ቅጠል ጠውልጋ ቢያይ ዛፉን አይነቅልም፤ ዞሮ ግንዱን፣ ሥሩን፣ ጎረቤት ያሉትን ዛፎች ያያል። እናንተም እንዲሁ ሙሉውን ልጅ እዩ፤ ከዚያ ያያችሁትን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ወረቀታችሁ ላይ የምትጽፉት «ልጄ ኦቲዝም አለበት» የሚል አይሁን። «ሰኞ ስሙን አምስት ጊዜ ጠራሁት፣ አንድ ጊዜ ዞረ። በጣቱ አሳይቶ አያውቅም። ሁለት ቃል ነበረው፣ ከጥምቀት ወዲህ አልሰማሁም» የሚል ይሁን። እንዲህ ያለ ወረቀት ለሐኪም ትልቅ ሀብት ነው። መጻፍ የማትችሉ ታላቅ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ፤ ካልሆነም በቃል ያዙት። ስልክ ያላችሁ ልጁ ሲጫወት ለሁለት ደቂቃ ቅረጹት።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ይህንን በግልጽ እንናገር፤ ብዙ ቤተሰብ ላሙን ሸጦ የሚንከራተተው ይህን ባለማወቅ ነው። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። በራጅ አይታይም። በአንጎል ፎቶግራፍም አይለይም። ኦቲዝም የሚለየው በመስማትና በማየት ነው፤ የቤተሰብን ታሪክ በመስማት፣ ልጁን በማየት።

ባለሙያው መጀመሪያ ይጠይቃችኋል። እርግዝናው እንዴት ነበር? ምጡ ረዝሞ ነበር? ሲወለድ አለቀሰ? መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ሄደ፣ መቼ ቃል አወጣ? ምን ታሞ ያውቃል? ቀጥሎ ልጁን መሬት ላይ አስቀምጦ በመጫወቻ ያጫውተዋል። ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው፦ የዓይን ግንኙነት፣ ምልክት፣ መልስ መስጠትና መቀበል፣ ጓደኝነት። ሁለተኛው የሚደጋገም ጠባይና ጠባብ ፍላጎት ነው፤ ለድምፅና ለንክኪ ያለው የተለየ ስሜትም እዚህ ይገባል። ሁለቱም ሲኖሩ፣ ከሕፃንነት የጀመሩ ሲሆኑና የልጁን ኑሮ ሲያውኩ ባለሙያው «ኦቲዝም ነው» ይላል። ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልገውም አብሮ ይናገራል። ልምድ ያለው ባለሙያ በሁለት ዓመት ዕድሜ ላይ በእርግጠኝነት ሊለየው ይችላል።

ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት በብዙ አገሮች የሚያገለግል ኤም-ቻት የሚባል ሃያ «አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ይህ የማጣሪያ ወንፊት ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ባለሙያው ሌላም ሥራ አለበት፦ ኦቲዝም የሚመስለውን ከኦቲዝም መለየት። እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ ነገር አስቡ። የመጀመሪያው የጆሮ ምርመራ ነው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ቃልም አያወጣም። መግል ሲወርደው የቆየ ጆሮ ያለው ልጅ በመድኃኒት ሊረዳ የሚችል ሆኖ ሳለ በሌላ ስም እንዳይጠራ። ሁለተኛው ወባ ነው። በቴፒና በበበቃ ቆላማ ቦታዎች ወባ የቤት እንግዳ ነው። አንጎል ላይ የወጣ ከባድ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ከሞት የተረፈ ሕፃን ላይ የመስማት፣ የመናገርና የመማር ችግር ትቶ ሊሄድ ይችላል። «ድሮ ጤነኛ ነበር፤ ከዚያ ትኩሳት ወዲህ ተቀየረ» የምትሉ ካላችሁ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩ። ሦስተኛው አዮዲን ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ሲጎድላት የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ስለዚህ እርጉዝ እናት ያለችበት ቤት ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑ ይጠየቅ። አራተኛው የሚጥል በሽታ ነው፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በአንዳንዶቹ ላይ አብሮ ይመጣል፤ መድኃኒት አለው። የአእምሮ ዝግመትም ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም።

ወዴት እንሂድ? ቅርባችሁ ጤና ኬላው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ቤት ለቤት ሄዶ ቤተሰብን ለመድረስ ነበር፤ በየበሩ የምትደርሰው እህታችሁ ይህንን ልትሰማ የምትችል ሰው ናት። በአገራችን ገጠር ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ኦቲዝም በቪዲዮና በኪስ መመሪያ የታገዘ አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ የሠለጠኑት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ያላቸው አመለካከት ካልሠለጠኑት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በአማን የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። በቦንጋ የገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስትገቡ የሕፃናትና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ሰፈር ወሬ እንምጣ፤ ወሬው ልጆቻችንን ብዙ ጎድቷቸዋል።

«እርግማን ነው፣ የአባት ኃጢአት ነው» ይባላል። አይደለም። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ከሚወረሱ ብዙ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ ያለ ጊዜው መወለድና የወላጅ ዕድሜ መግፋትም ዕድሉን ይጨምራሉ። ማንም ላይ የመጣ ቅጣት አይደለም።

«እናቱ ስላላቀፈችው ነው» ይባላል። በአሜሪካም በአንድ ወቅት ትልልቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ እናቶችን እንዲህ ብለው ከስሰው ነበር። ስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ከተጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እናትን መውቀስ ይብቃ።

«ክትባት ነው ያመጣው» ይባላል። ይህ ወሬ የተነሣው አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት በ2010 ሽሮታል፤ ሰውዬውም ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዟል። በ2019 በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ሕፃናትን ተከትሎ የወጣ ጥናት የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም እንደማያመጣ አሳይቷል። ኩፍኝ ግን ይገድላል። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

«ሁለት ሦስት ቋንቋ ስለሚሰማ ተምታቶበት ነው» ይባላል። በእኛ አካባቢ ልጅ ከእናቱ ቤንችኛ፣ ከጎረቤት ካፊኖኖ ወይም ሸኪኖኖ፣ ከትምህርት ቤት አማርኛ ይሰማል። ብዙ ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም። ልብ የሚነካ ቋንቋ የእናት ቋንቋ ነው፤ በእርሱ አጫውቱት።

ጸበል የሚወስዱ፣ ዱዓ የሚያስደርጉ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያስጸልዩ ቤተሰቦች አሉ። እምነት ለቤተሰብ ብርታት ነው፤ ጸሎታችሁን ቀጥሉ። ነገር ግን ልጁ አይታሰር፣ አይገረፍ፣ አይራብ፣ የጀመረውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ። የጸበሉ መንገድና የሐኪሙ መንገድ አይጣሉም።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ውድ አድማጮች፣ በአገራችን ይህንን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጡት እናቶች ናቸው። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቀርባ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ስትል፣ ያን ቃል ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ለራሳቸው ልጅ ስም አገኙ። የግዕዝን ፊደል ድምፆች ተጠቅማ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱበትና ማንበብ የሚለምዱበትን «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ዘዴም አዘጋጀች። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በኮቪድ አረፈች። በወላጆች የተቋቋመው የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይሠራል። ሁለቱም ከሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ለእኛ ልጆች ዘሚ የከፈተችው ትልቁ በር ሕንፃው አይደለም፤ አለመደበቋ ነው።

መደበቅ ምን ያህል እንደተስፋፋ እናውቃለን። በአዲስ አበባ ባሉ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት የልጁን ነገር ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። እነዚህ እንኳን ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። ክሊኒክ ያልደረሱትንስ አስቡ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

ባለሙያ ሩቅ ነው፤ እኛ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ «አለኝ» የሚላችሁን ገንዘባችሁን አትስጡት። የሚለውጠው በየቀኑ የሚደረግ ጨዋታና ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወላጆችን የሚያሠለጥንበት ፕሮግራም በኢትዮጵያም ተሞክሯል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ ልጁ ካለበት ጀምሩ።

ያ ልጅ ቡና ሲደረድር አጠገቡ ቁጢጥ በሉ። ፊታችሁ ከፊቱ ጋር እኩል ይሁን። ረድፉን አትበትኑበት። አንዲት ፍሬ አንሥታችሁ ስጡትና «ቡና» በሉ። ጠብቁ። ሲቀበላችሁ ሌላ ስጡት፤ «ቡና»። በሦስተኛው እጃችሁ ላይ ያዙትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀና ብሎ ካያችሁ፣ ወይም እጁን ከዘረጋ፣ ወይም ትንሽ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ስጡትና ደስ ይበላችሁ፤ አጨብጭቡለት። ያቺ ቅጽበት ንግግር ናት። በቀን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይህንን አድርጉ።

ሌላው የቡና ሥርዓታችን ነው። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ያረጋጋዋል። ከቡና ሥርዓት የበለጠ ቅደም ተከተል ያለው ነገር የት አለ? መታጠብ፣ መቆላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። ልጁን ከከሰሉና ከጀበናው አርቃችሁ አንድ ሥራ ስጡት፤ ባዶ ሲኒዎችን ረከቦቱ ላይ ይደርድር፣ ፈንዲሻውን ለአያቱ ያድርስ። «ለአያትህ ስጥ» በሉት፤ አያቱም በስሙ ጠርታ ታመስግነው። የሙቀጫው ድምፅ የሚያውከው ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ሙቀጫውን አሳዩትና «አሁን እንወቅጣለን» በሉት፤ ከፈለገም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አጫጭር ቃላት ተጠቀሙ። ነገር ሲቀየር አስቀድማችሁ ንገሩት።

ደኅንነቱንም አስቡ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሳይታሰብ ከቤት ወጥተው ይሄዳሉ፤ ውኃ ደግሞ ይስባቸዋል። ወንዝ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ አጥር አጥብቁ፤ ልጁን ለጎረቤት አስተዋውቁ። ጎረቤት የማያውቀውን ልጅ ማን ይመልሰዋል? በለቀማ ወቅት ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ሲወርድ ልጁን ቤት ቆልፎ መሄድ የተለመደ ነው። እባካችሁ፣ ተራ ግቡለት። ዕድር አለን፣ ደቦ አለን፤ ለቡናው ደቦ ከጠራን ለልጁም እንጥራ።

መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ ጥግ ተቀምጦ እጁን የሚያርገበግበውን ልጅ «አይማርም» ብላችሁ አትመልሱት። ከፊት አስቀምጡት፤ በሥዕል አስተምሩት፤ የሚወደውን ነገር ፈልጉ። አንዱ ልጅ ቁጥር ይወዳል፣ ሌላው ፊደል። በዚያ በኩል ግቡለት። የሚያሾፉበትንም ልጆች አስተምሯቸው።

አባቶች ሆይ፣ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው አባት እንደነበር አትርሱ።

ዝግጅታችንን ከመዝጋታችን በፊት ወደዚያ ግቢ እንመለስ። ልጁ አሁንም ከስጡ ጥግ ተቀምጧል። እናቱ ግን ዛሬ ከጓዳ ሆና አልጠራችውም። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ታላቅ ልጇ ደብተሯ ላይ አምስት መስመር ጻፈችላት። ነገ ጤና ኬላ ይዛው ትሄዳለች። ልጁን በነጠላዋ አትሸፍነውም፤ በዋናው መንገድ ይዛው ትሄዳለች።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ፣ ጎረቤታችሁ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እስከ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀን ድረስ አትጠብቁ፤ ለቀማው እስኪያልቅም አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ያያችሁትን ጻፉ፣ በዚህ ሳምንት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሩ። ልጁ በራሱ አፍ መናገር እስኪችል ድረስ ስለ እርሱ መናገር የእናንተ ፋንታ ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)